ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ የሚሞላባት ከተማ

ጋምቤላ ውስጥ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ከጠየቁኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ አንዱ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ለአራተኛ ክፍል ልጆች የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጥ ነበር። በከተማዋ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ የጣራውን ቆርቆሮ እያጋለችው፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ነበር የምንማረው። በዚያው ጠዋት ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ ባሮ ወንዝ ከትናንትናው ከፍ ብሎና ደፍርሶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ሲወርድ አይተውት ነበር። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እዚህ ሳይዘንብ ባሮ ለምን ይሞላል?» አለኝ። «ሌላ ቦታ ስለዘነበ ነዋ» ብዬ ወደ ሒሳቡ ልመለስ ስል፣ እጁን ሳያወርድ «የት?» ሲል ጠየቀኝ።

የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ለጥያቄው የሚመጥን አልነበረም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ከተማው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደ ተቆረቆረ፣ ሰዎቹ ለምን በየክረምቱ ዓይናቸውን ከወንዙ እንደማይነቅሉ፣ ውኃው ቤታቸው ድረስ እየመጣ እንኳ ለምን ከወንዙ ርቀው እንደማይሄዱ ጭምር ነበር የጠየቀኝ። ይህን ጽሑፍ ለእርሱና በእርሱ ዕድሜ ላሉ ልጆች ጽፌዋለሁ። ማንበብ ገና የሚከብዳችሁ ካላችሁ ታላቅ እኅታችሁ ወይም አባታችሁ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ።

ከውኃው መነሻ እንጀምር። እኔ ያደግሁት በኢሉባቦር፣ መቱ ከተማ ነው። በከተማችን አጠገብ ሶር የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ በልጅነቴ በጣራችን ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳው ወርዶ፣ በቦዩ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሶር ውስጥ ይገባ ነበር። ሶር ወደ ገባ ወንዝ ይቀላቀላል፤ ገባ ደግሞ ከወለጋ በኩል ከሚመጣው ከቢርቢር ጋር ይገናኛል። ገባና ቢርቢር ከተገናኙበት ስፍራ ጀምሮ ወንዙ ባሮ ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ የተማሪዬ «የት?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ «እኛ ቤት ጣራ ላይ» የሚል ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግን ጋምቤላ ሄጄ ካስተማርሁ በኋላ ነው።

መቱና ጎሬ ደጋማ ናቸው፤ ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በመኪና ከጎሬ ተነሥታችሁ በቡሬ በኩል ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ይላል፤ ጃኬት ለብሶ የተሳፈረ ሰው መንገድ ላይ ያወልቀዋል፤ ጫካው እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ጋምቤላ ስትደርሱ ከፍታው 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውኃውም ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፤ በደጋው ገደላ ገደል ውስጥ እየተወረወረ ይመጣና ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መሬቱ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። በኢታንግና በጂካዎ በኩል እስከ ደቡብ ሱዳን ድንበር ድረስ ውኃውን የሚያጣድፈው ቁልቁለት የለም።

ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ሰፊ ሳንቃ አዘንብላችሁ ከላዩ ላይ አንድ ጆግ ውኃ ብታፈስሱ፣ ውኃው ቀጥ ብሎ በፍጥነት ይወርዳል። ሳንቃውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ያንኑ ያህል ውኃ ብታፈስሱ ግን መሄጃው ይጠፋውና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሰፋል። ጋምቤላ ያለችው ያዘነበለው ሳንቃ ከተኛው ሳንቃ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። ከላይ በችኮላ የመጣው ውኃ ከታች ቀስ ብሎ ከሚሄደው ውኃ ኋላ ይጠራቀማል፤ ወንዙም ዳርቻውን አልፎ በሜዳው ላይ ይተኛል። የምድሩ አፈር ደግሞ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ከረጠበ በኋላ ግን ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ውኃም በቀላሉ አያሰርግም። ስለዚህ በሜዳው ላይ የተኛው ውኃ ወደ መሬት ሰርጎ ከማለቅ ይልቅ ለሳምንታት እዚያው ይቆያል።

ባሮ ከመነሻው አንሥቶ 306 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ፒቦር ከሚባለው ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ ተጋጥመው ሶባት ይባላሉ፤ ሶባት ነጭ ዓባይን ይቀላቀልና ካርቱም ላይ ከጣና ከሚመጣው ከእኛው ዓባይ ጋር ተገናኝቶ ወደ ግብፅ ይሄዳል። ወደ ሶባት ከሚገባው ውኃ 83 በመቶ ያህሉ የባሮ ነው። በክረምት ብዛቱ ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ሃምሳ ጀሪካን ይሞላል፤ ባሮ በሙላቱ ጫፍ ላይ በየሰከንዱ ከ1000 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይዞ በጋምቤላ ያልፋል። «አንድ» ብላችሁ ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ሃምሳ ሺህ ጀሪካን አለፈ ማለት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ግን ያው ወንዝ አሸዋው እስኪታይ ድረስ ይጎድላል፤ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ሰዎች በወንዙ መካከል በወጣው አሸዋ ላይ ይሄዳሉ።

ከተማዋ ከመቆርቆሯ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በዚህ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ይህን የሙላትና የጉድለት ሥርዓት ያውቁት ነበር። አኝዋኮች ባሮን ኦፔኖ ይሉታል። መንደራቸውን የሚሠሩት ወንዙ ራሱ በየዓመቱ ደለል እየከመረ ከፍ ባደረገው ዳርቻ ላይ ነው፤ ከዚያ በስተኋላ ያለው ሜዳ ከዳርቻው ዝቅ ስለሚል ውኃው የሚተኛው እዚያ ነው። ሙላቱ ሲጎድል በወንዙ አፋፍ ላይ እርጥብና ለም ደለል ይቀራል፤ አኝዋኮች በቆሎና ማሽላ ይዘሩበታል። ሌላው አገር ዝናብ ጠብቆ ሲዘራ፣ እነርሱ በክረምቱ ዝናብ ከዘሩት በተጨማሪ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ ሁለተኛ ሰብል ያነሣሉ። ጎርፍ ማሳ ያጠፋል ሲባል የሰማ ልጅ፣ ጎርፍ ማሳ ሲሠራ ማየት ቢፈልግ ኅዳር ላይ ወደ ባሮ ዳር ይውረድ።

ኑዌሮች ደግሞ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ዓመታቸውም በሁለት ይከፈላል። በክረምት ሜዳው በውኃ ሲሸፈን ከብቶቻቸውን ይዘው ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣሉ፤ በበጋ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ እርሱን ተከትለው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ጎርፍ ተኝቶበት የከረመው ሜዳ የሚያበቅለው ሣር ሌላው ምድር ደርቆ ሳለ ለምለም ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በሰሜን በኩል በተለይ ኦፖና ኮሞ፣ በደቡብ ምሥራቅ በጫካው በኩል ማጃንግ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። የዱር እንስሳቱም ይህንኑ የውኃ ሥርዓት ይከተላሉ፤ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው የሜዳ አጋዘን በብዙ መቶ ሺህ እየሆነ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል በየዓመቱ የሚመላለሰው ሣርና ውኃ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ትዕይንት ራሱን የቻለ ጽሑፍ መጻፍ ይገባኛል፤ ዛሬ ግን ከወንዙ አልርቅም።

አሁን ወደ ከተማዋ ልደት እንምጣ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነው፤ ጋምቤላን ከተማ ያደረጋት ሙላቱ ራሱ ነውና። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አንድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በዋናነት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ሲሆን፣ በአንዱ አንቀጹ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። የመሬቱ ልክ እንኳ ተወስኖ ነበር፤ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ። ሒሳብ የምትወዱ ልጆች ብታሰሉት፣ አራቱም ጎኑ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ልክ 400 ሔክታር ይሆናል። ዕድሜውም ተወስኗል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መርከብ ከታች ከሱዳን ተነሥታ ሽቅብ ስትመጣ ያለ ችግር የምትደርስበት የመጨረሻው ስፍራ ይህ ነው፤ ከዚያ በላይ ወንዙ ድንጋያማና ቁልቁለታማ ይሆናል። ከተራራው የሚወርዱት ነጋዴዎችም ቢሆኑ በረግረጉ ውስጥ ብዙ ሳይጓዙ ይደርሱበታል። ከጎሬና ከሰዮ፣ ማለትም ከዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ትከሻ አስጭነው ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይወጡ ነበር። በወደቡ ላይ ግሪኮች፣ ሶርያውያንና ሱዳናውያን ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን ሠሩ። ባሕር የሌለበት የምዕራብ ኢትዮጵያ ምድር መርከብ የሚቆምበት ወደብ አገኘ።

መርከቦቹ በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። ከካርቱም እስከ ጋምቤላ 1366 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጋምቤላ ወደ ካርቱም ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ሽቅብ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር፤ የአራቱን ቀን ልዩነት ያመጣው የወንዙ ጉልበት ነው። መርከብ የሚመጣው ደግሞ በወር ሁለት ጊዜ፣ ያውም በክረምት ብቻ ነበር። በበጋ ውኃው ስለሚጎድል የመርከቡ ሆድ አሸዋውን ይነካል። ካፒቴኑ ጥቂት ቢዘገይና ውኃው ቢሸሽበት፣ መርከቡ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ እዚያው ተገትሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የጋምቤላ ሰው ነሐሴ ላይ ወንዙን ሲመለከት በአንድ ዓይኑ ይሰጋ፣ በሌላው ዓይኑ ይናፍቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያው ሙላት ጎጆ ያፈርሳል፣ ያው ሙላት ጨው ያመጣል። የወደቡ ሰዎች የወንዙን ከፍታ በምልክት እየለኩ ይመዘግቡ ነበር፤ መርከብ ይምጣ አይምጣ የሚወሰነው በዚያ ልክ ነበርና።

ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወርር በ1928 ዓ.ም. ጋምቤላንም ያዘ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከቤልጅየም ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ጭምር ተዋግተው ከተማዋን አስለቀቁ፤ ከአፍሪካ መካከል ተነሥተው እዚህ ድረስ የመጡ ሰዎች በባሮ ዳር መዋጋታቸው ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ ነው። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ ውሉ አስቀድሞ እንደ ደነገገው የጣቢያው ዕድሜ አበቃ፤ ብዙም ሳይቆይ ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። መርከቦቹ ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት ሲመላለሱ ቆይተው፣ በስተመጨረሻ ጉዞው ተቋረጠ። ዛሬ ቡናው በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሰውም ረጅሙን የባሮ ድልድይ በእግሩና በባጃጅ ይሻገራል። ትንሿ የወደብ ከተማ የክልል ዋና ከተማ ሆናለች፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 39,022 ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ አድጋለች።

ከተማ ሲያድግ ግን ቤት መሥሪያ ቦታ ይጠባል። ድሮ አኝዋኮች ለወንዙ ትተውለት የነበረው ዝቅተኛ ሜዳ፣ ኑዌሮች በክረምት ለቅቀውለት ይሄዱ የነበረው መሬት፣ አሁን ሰው ሰፍሮበታል፤ መንገድና ትምህርት ቤትም ተሠርቶበታል። ውኃው ግን የተኛበትን ቦታ አይረሳም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ፣ ጊሎ፣ አልዌሮና አኮቦ ወንዞች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው በክልሉ ብዙ ወረዳዎች ላይ ፈሰሱ። በጋምቤላ ከተማም ውኃው ሰፈር ውስጥ ገባ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቅቀው ወጡ፤ ማሳ ሰጠመ፤ ከብት አለቀ። እኔ በዚያን ጊዜ ከተማውን ለቅቄ ነበር። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደውላ፣ ፍራሻቸውን ከሁለት ጠረጴዛ በላይ አውጥተው ታናሽ ወንድሟን እዚያ ላይ እንዳስተኙትና፣ እናቷ ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ የግድግዳውን እርጥበት እያየች እንዳደረች ነገረችኝ። ግድግዳው ላይ የነበረው መስመር ሲነጋ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ሲያዩት እናቷ አለቀሰች አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ልነግራችሁ የምችለው ነገር የለኝም፤ ጎርፍ ማለት ለአንድ ቤተሰብ ይህ ነው።

የሜዳ ጎርፍ ከተራራ ደራሽ ውኃ ይለያል። ደራሽ ውኃ እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ በድንገት ይመጣል። የባሮ ሙላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ጠዋት ከደጁ ሣር ሥር ያያችሁት ውኃ ማታ ደጃፉን ይረግጣል። አማርኛችን «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» የሚለው አባባል ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል። ልጆች ጎርፉን የማይፈሩትም ስለዚህ ነው፤ ዝም ብሎ የተኛ ውኃ መጫወቻ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ስለ አደጋው ከዚህ በታች የምላችሁን በጥሞና አንብቡልኝ።

በፍጥነት የሚሄድ ውኃ ከቁርጭምጭሚታችሁ ትንሽ ከፍ ቢል፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን እንኳ፣ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መኪና ያንሳፍፋል። ይህ የሚሆነው ውኃ ከባድ ስለሆነ ነው፤ ያ ሃምሳ ጀሪካን የሚሞላው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል። የተኛው ውኃም ቢሆን ከሥሩ ያለውን አያሳይም፤ ጉድጓድ፣ ሚስማር፣ የተሰበረ ቆርቆሮ ሊኖር ይችላል። እባቦች እንደ ሰው ሁሉ ደረቅ ቦታ ስለሚፈልጉ ወደ ቤትና ወደ ዛፍ ይወጣሉ። ወንዙ ሲሰፋ የአዞውም መኖሪያ አብሮ ይሰፋል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ ደግሞ ቆሻሻው ከጉድጓድ ውኃችሁ ጋር ይቀላቀላልና፣ ጠርቶ ቢታያችሁ እንኳ ሳይፈላ ወይም በመድኃኒት ሳይታከም እንዳትጠጡት። ውኃው ከሸሸ በኋላ በየጉድጓዱ የቀረው ኩሬ የትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ በጋምቤላ የወባ ትኩሳት ከጎርፍ ኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ጎርፍ ነው፤ አጎበሩ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ይበልጥ ነው። ደብተርና የልደት ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። የቤታችሁ ሰዎች ውጡ ሲሉ ደግሞ ውጡ፤ ኳስ ወይም ጫማ ለማምጣት አትመለሱ።

ሰዎች ለምን ርቀው አይሄዱም? ይህን ጥያቄ በጋምቤላ ዓሣ ለሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ አቅርቤላቸው ነበር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳቸውን በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ገልብጠው ቀዳዳ ይደፍኑ ነበር። «ልጄ፣ ሩቅ ሄጄ ምን እበላለሁ?» አሉኝ። ዓሣው የሚራባው ወንዙ ሜዳው ላይ ሲተኛ መሆኑን፣ እንቁላሉንና ጫጩቱን ትልልቅ ዓሦች በማይደርሱበት ጥልቀት በሌለው ሣራማ ውኃ ውስጥ እንደሚያሳድግ፣ ሙላቱ ያነሰበት ዓመት ሲመጣ መረባቸው ባዶውን እንደሚወጣ አስረዱኝ። ባሮ ውስጥ አምባዛ አለ፣ ቆሮሶ አለ፣ ከሰው የሚረዝም ናይል ፐርች አለ። ከታች በረግረጉ ውስጥ ደግሞ ሳንባ ያለውና በአየር የሚተነፍስ ዓሣ ይኖራል፤ የጎደለና የደፈረሰ ውኃ ሌላውን ዓሣ ሲያፍነው እርሱ ብቅ ብሎ ከላይ አየር ይስባል። በሚሞላና በሚጎድል ወንዝ ውስጥ ለመኖር እንስሳውም ብልኀት አበጅቷል።

ሽማግሌው የሚሉት እውነት ቢሆንም፣ የከተማ ልጅ በዓሣ ብቻ እንደማይኖርና የሰጠመ ቤት በማሽላ እንደማይካስ እኔም አውቃለሁ። ዝቅተኛውን ሜዳ ለወንዙ መተው፣ ቤትን ከፍ ባለ መሠረት ላይ መሥራት፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ከቆሻሻ ማጽዳት ከተማው በጋራ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው። ላይኛው አገርም ድርሻ አለው። በመቱና በጎሬ ዙሪያ ያለው የቡና ጫካ ዝናቡን በቅጠሉ ተቀብሎ፣ በሥሩ አስርጎ፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ጫካው ሲመነጠር ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ በልጅነቴ ዛፍ ሲቆረጥ ሳይ ከታች የሚኖር ሰው አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ቢነገረኝ ኖሮ እወድ ነበር።

ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስና ከእርሱ ጋር ያደረግነውን ላውጋችሁ። በማግሥቱ ለክፍሉ «ወንዙን እንለካው» አልኳቸው። አንድ ረጅም ሽመል አምጥተን በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርንበት። ሽመሉን በውኃው ዳር የተከሉልን እኒያው ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹ በአዞው ምክንያት ከአፋፉ እንዳይወርዱ ተስማምተን ነበርና፣ እርሳቸው በየጠዋቱ መስመሩን አንብበው ጮኸው ይነግሯቸው ነበር፤ አንዷ ተማሪ ትጽፍ ነበር። በደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ሠራን፤ ቀኑ፣ የውኃው ከፍታ፣ ጋምቤላ ዘንቦ እንደሆነ። አራት ቀን ያህል እንደ ሄድን ያ ልጅ አንድ ዓምድ እንደሚጎድል አስተዋለ። «ቲቸር፣ እናትዎ መቱ ነው ያሉት አላሉም? ይደውሉላቸውና ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቁልን» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለእናቴ እደውል ጀመር። «እማዬ፣ ትናንት ዘንቦ ነበር?» እላታለሁ። «ኧረ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ነው ያደረው» ስትል ልጆቹ በአራተኛው ዓምድ ላይ ይጽፋሉ። «ዛሬስ አባርቷል» ስትልም ይጽፋሉ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ መቱ በዘነበበት ቀን ባሮ ፈቅ አይልም፤ መቱ ባባራበት ቀን ይሞላል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን አንዲት ልጅ ደብተሩን ትኩር ብላ ስታይ ቆይታ «ውኃው መንገድ ላይ ያድራል» አለች። ልክ ነበረች፤ መቱ የዘነበው አንዳንዴ በማግሥቱ፣ አንዳንዴ በሁለተኛው ቀን ነበር ሽመሉ ላይ የሚታየው። እናቴም ነገሩን ከሰማች ወዲህ እኔ እስክደውል አልጠበቀችም፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ሌሊት ተነሥታ «ለልጆቹ ንገራቸው፣ ነገ ውኃ ልከንላቸዋል» ትለኝ ነበር።

ደብተሩን ክረምቱ ሲያልቅ ለልጆቹ ሰጠኋቸው፤ የመጨረሻውን ገጽ ግን ፎቶ አንሥቼ አስቀርቼዋለሁ። ያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅ በእርሳስ የጻፈው ነው፤ «ነሐሴ 28። ጋምቤላ ፀሐይ ነው። ባሮ ሁለት መስመር ጨምሯል። የቲቸር እናት ቤት ዘንቧል።»